መንገድ የባለመኪናው ርስት አይደለም

አንድ ሰው በመኪና ተገጭቶ ሲሞት ከሐዘንተኛው ድንኳን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ነው። አነጋገሩ የተጎዳውን ቤተሰብ ለማጽናናት በቅን ልቡና የሚነገር መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ከማጽናኛነት አልፎ የነገሩ ማብራሪያ ተደርጎ በተወሰደ ጊዜ፣ በሰው እጅ የተፈጸመውን ድርጊት ከሰው እጅ አውጥቶ ለዕድል የሚያስረክብ፣ አድራጊውንም ሆነ አድራጊውን ያፈራውን አሠራር ከተጠያቂነት የሚያድን አመለካከት ይሆናል። ቀን በጎማ አይሄድም። የሚሄደው መኪናው ነው፤ መኪናውንም የሚነዳው የሚያስብ፣ የሚመርጥና የሚወስን ሰው ነው።

የችግሩ ስፋት በቁጥር የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም በመንገድ ትራፊክ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ነው። ከአንድ መቶ ሟቾች 92ቱ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ እነዚህ አገሮች ከዓለም ተሽከርካሪዎች ያላቸው ድርሻ ግን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይኸው ድርጅት ቀደም ሲል በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዘገባ፣ በአገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ አደጋ የሞቱትን ሰዎች ከ27 ሺህ በላይ አድርጎ ሲገምት፣ በፖሊስ መዝገብ የሰፈረው ቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። በአዲስ አበባ ከተማ ብቻ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህም መካከል ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት እግረኞች ነበሩ። አንባቢው ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ እንዲልልን እንሻለን። በከተማችን ከሚደረጉት ጉዞዎች ግማሽ ያህሉ በእግር የሚፈጸሙ ናቸው። ጠዋት ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ግንባታ ሥፍራ፣ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት የሚጎርፈው ሕዝብ በአብዛኛው መኪና የለውም። የሚሞተውም በሌላው ሰው መኪና ነው።

ለዚህ ሁሉ በተለምዶ የሚሰጠው ምክንያት «የአሽከርካሪ ስህተት» የሚል ነው። በአደጋ መዝገብም፣ በዜናም፣ በአሽከርካሪው አንደበትም የሚደጋገመው ይኸው ቃል ነው። እኛ ግን ቃሉ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን። በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄምስ ሪዝንና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በመንገድ ላይ የሚታየውን የተበላሸ አነዳድ ስህተትና ጥሰት በማለት ለይተው አሳይተዋል። ስህተት ማለት አሽከርካሪው በቅንነት ሳያይ ሲቀር፣ ርቀት ሲሳሳት፣ አንዱን ምልክት በሌላው ሲተረጉም የሚፈጸም ነው። ጥሰት ማለት ደግሞ ሕጉን እያወቀ፣ አደጋውንም እያወቀ፣ ሆን ብሎ የሚፈጽመው ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ጥናቶች ከአደጋ ጋር ይበልጥ ተዛምዶ የተገኘው ስህተቱ ሳይሆን ጥሰቱ ነው።

ይህ ልዩነት የምሁራን ጨዋታ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ ማናቸውም የከተማችን አደባባይ ወጥቶ ለአንድ ሰዓት ይቁም። ቀይ መብራት ሊበራ ሲል ነዳጅ የሚሰጠው አሽከርካሪ መብራቱን አይቷል፤ አይቶታልና ነው የሚፋጠነው። በእግረኛ ማቋረጫው ላይ ሴትዮዋ ሕፃን አዝላ ስትገባ ክላክስ የሚነፋው ሰው ሴትዮዋን አይቷል፤ ክላክሱ ራሱ ማየቱን ይመሰክርበታል። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ የሚነዳው ሰው ድርጊቱ የተከለከለ መሆኑን ስለሚያውቅ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ስልኩን ወደ ጭኑ ያወርዳል። እነዚህ ሰዎች ዕውቀት አላነሳቸውም። መንጃ ፈቃድን በትምህርት ሳይሆን በገንዘብ ያገኘ ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ እርሱም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ነገር ግን ሠልጥኖ፣ ተፈትኖና አልፎ መሪ የጨበጠው ሰው ሲጥስ የምናየው በሥልጠና ማነስ ሊተረጎም አይችልም። የሚተረጎመው በአመለካከት ነው።

ይህ አመለካከት ከየት መጣ? ታሪክ የሚያስታውሰን ነገር አለ። በቀደመው ሥርዓት በበቅሎ የሚጓዝ ባላባት ፊት ፊቱ የሚሮጥ አጃቢ ነበረው። የአጃቢው አንዱ ተግባር መንገደኛውን «ገለል በል» እያለ መንገድ ማስለቀቅ ነበር። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ያልፋል፣ በእግሩ የሚሄደው ወደ ጥሻው ይገባል። በቅሎው በመኪና ተተካ፤ አጃቢውም በክላክስ ተተካ። መሬት ላይ የሚሄደው ሰው ከፍ ብሎ ለተቀመጠው ሰው ይልቀቅ የሚለው አስተሳሰብ ግን አልተተካም። ዛሬም በመንገዳችን ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው በሕግ ሳይሆን በግዝፈት ነው። ከባዱ መኪና ለቀላሉ አይቆምም፤ ቀላሉ ለባጃጅ፣ ባጃጁ ለእግረኛ አይቆምም። ሕዝቡም ይህን መረን የለቀቀ የበላይነት በምሬት ታዝቦ ለመኪኖቹ የራሱን ስም አውጥቶላቸዋል። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን ደግሞ ካለፈው ዘመን መራራ ትዝታ ተውሶ «ቀይ ሽብር» ብሎ ጠራው። እንዲህ ያለው ስም ከቀልድ በላይ መሆኑን መናገር አያሻንም።

ከግዝፈቱ ትምክህት ጋር «እኔ እችላለሁ» የሚለው ትምክህት ተጎራብቶ ይኖራል። ይህ ደግሞ የእኛ አገር አሽከርካሪ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ መመስከር ተገቢ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ኦላ ስቬንሰን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን ተማሪዎች 93 በመቶው፣ ከስዊድናውያኑ ደግሞ 69 በመቶው በመንዳት ችሎታቸው ከመካከለኛው አሽከርካሪ እንደሚበልጡ ተናግረዋል። ከአንድ መቶ ሰው 93ቱ ከመካከለኛው ሊበልጡ የሚችሉበት ሒሳብ ካለ ያሳዩን። እያንዳንዱ አሽከርካሪ የፍጥነት ወሰኑ የተደነገገው ለሌላው፣ ለማይችለው ሰው ነው ብሎ ያምናል።

የተፈጥሮ ሕግ ግን ለሚችልና ለማይችል አያዳላም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ይጓዛል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል እንበል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ ደረቅ አስፋልት ላይ 5 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። አሁን ያው ሰው፣ ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ፍጥነቱ ብቻ 60 ቢሆንስ? በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ይኸውም የመጀመሪያው መኪና ቆሞ በሚገኝበት በ13ኛው ሜትር ላይ የሁለተኛው አሽከርካሪ እግር ገና ፍሬኑን አልነካም፤ መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ለመቆም 36 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በ13ኛው ሜትር ላይ ኳስ ተከትሎ የገባ ሕፃን ቢኖር፣ አንደኛው አሽከርካሪ ደንግጦ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ሰው ገድሏል። የሁለቱ ችሎታ አንድ ነው። ስልኩን ለማየት ሦስት ሰከንድ ብቻ ዓይኑን የነቀለ ሰው ደግሞ በ60 ፍጥነት 50 ሜትር ያህል በጭፍን ይጓዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ ይጨምራል።

በዚህ ሁሉ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው? ስድስት ኪሎ ሜትር ርቀትን በ40 የሚጓዝ ሰው በ9 ደቂቃ፣ በ60 የሚጓዘው በ6 ደቂቃ ይደርሳል። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ነው። እርሱም መንገዱ ያለ መብራት፣ ያለ መጨናነቅ ቢገኝ ነው፤ እንዲህ ያለውን መንገድ በአዲስ አበባ የሚያውቅ ሰው ቢኖር።

ይሁንና ጉዳዩን በኅሊና ብቻ ተርጉመን ብንተወው ግማሹን እውነት እንደ ሸሸግን ይቆጠራል። አመለካከት ቁሳዊ መሠረት አለው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባውን ሚኒባስ የሚያሽከረክረው ሠራተኛ በአብዛኛው የመኪናው ባለቤት አይደለም። በየማታው ለባለንብረቱ የተወሰነ የቀን ገቢ ማስረከብ ይኖርበታል። ነዳጁን የሚሞላው፣ የረዳቱን ድርሻ የሚከፍለው፣ ቅጣት ቢመጣም የሚሸፍነው ከዚያ ከሚተርፈው ነው። ገቢው ሳይሞላ ከመሸ ለራሱ ቤት የሚወስደው እንጀራ የለም። እንግዲህ ይህ ሠራተኛ ትርፍ ሰው ቢጭን፣ ከፌርማታ ውጭ ቢያቆም፣ አንድ ተሳፋሪ ለመቅደም ሦስት ረድፍ በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ ከባሕርዩ ክፋት ብቻ የመጣ አድርጎ መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ነው። አፈርና ድንጋይ የሚያመላልሰው የከባድ መኪና አሽከርካሪም በምልልስ ብዛት የሚከፈለው ከሆነ፣ ፍጥነት የገዛ ጥፋቱ ከመሆኑ በፊት የክፍያው ሥርዓት ትእዛዝ ነው። ባለንብረቱ ግን አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሥፍራው ሩቅ ነው። ስሙ በዜናው ውስጥ አይነሳም።

ይህን ስንል ለአሽከርካሪው ሰበብ መስጠታችን አይደለም። የቀን ገቢ የማያስጨንቀው፣ በግል መኪናው ተዝናንቶ የሚሄደው ሰውም በእግረኛ ማቋረጫው ላይ አይቆምምና። እንዲያውም በዚህ ረገድ የከፋ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለችኮላው ያለው ምክንያት ከሚኒባስ ነጂው ያነሰ ነው። «ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለኝ» የሚለው ንግግርም የሚሰማው በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። የግዴታ መድን በአዋጅ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን ዓላማው ተጎጂው ያለ ካሳ እንዳይቀር ነበር። አሁን ግን የአንዳንዱን አሽከርካሪ ኅሊና ማስተኛ ሆኗል። የሰው ሕይወት ዋጋ አስቀድሞ የተከፈለ መሰለው።

ከአመለካከቱ መገለጫዎች ሁሉ እኛን እጅግ የሚያስገርመን በአሽከርካሪዎች መካከል ያለው የተዛባ መተባበር ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው የማይተዋወቀው አሽከርካሪ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ወይም በእጁ ምልክት ሰጥቶ «ትራፊክ አለ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ተቀባዩም ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ ፖሊሱን ካለፈ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ክፍያ እርስ በርስ መረዳዳታቸው መልካም ባሕርይ ነው። ነገር ግን ይህ ኅብረት የተመሠረተው በማን ላይ ነው? ትራፊክ ፖሊሱ በማቋረጫው ላይ የቆመው ለእግረኛው ነው። አሽከርካሪው ፖሊሱን የሚፈራ፣ እግረኛውን የማይፈራ ከሆነ፣ ሕግ የሚከበረው ፖሊስ በቆመባቸው ጥቂት ሜትሮች ብቻ ይሆናል።

አሽከርካሪዎች በበኩላቸው እግረኛው ራሱ ሕግ አያከብርም ሲሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ ፍጹም ሐሰት አይደለም። በቀለበት መንገድ ላይ መሸጋገሪያ ድልድይ እያለ አጥር ዘሎ የሚያቋርጥ ሰው አለ። ሆኖም ያ መንገድ ሲሠራ ለዘመናት በእግር ሲገናኙ የኖሩ ሠፈሮችን ለሁለት ከፍሎ ያለፈ መሆኑን፣ ድልድዩም ለአሮጊት፣ ለነፍሰ ጡርና ሸክም ለያዘ ሰው ምን ያህል ሩቅና ቀጥ ያለ እንደሆነ ወጥቶ ያየ ሰው ፍርዱን ያለዝባል። ከሁሉ በላይ ግን፣ እግረኛው ቢሳሳት የሚከፍለው በገዛ አካሉ ነው። ከአንድ ቶን በላይ ብረት ወደ መንገዱ ያመጣው ሰውና ሁለት እግሩን ያመጣው ሰው እኩል ጥንቃቄ ይኑራቸው ማለት በእኩልነት ስም የሚደረግ አድልዎ ነው።

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት አሽከርካሪውን «ፍጠን» ይለዋል። በለገሃር መስቀለኛ መንገድ የማቋረጫው ርቀት አጥሮ፣ የእግረኛው ቦታ ሰፍቶ ሲሠራ የተሽከርካሪው አካሄድ አብሮ መለወጡን ያዩ ያውቃሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችም ለእግረኛው ቦታ ሰጥተውታል፤ ከእግረኛ መንገዱ ወርዶ በሚያቋርጥባት በዚያች ቅጽበት ግን አሁንም ሕይወቱ በአሽከርካሪው ፈቃድ ላይ ነው። ሌላም አዲስ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ጭስ የለውም፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዝግታ ሲሄድ ድምፁ እጅግ አነስተኛ፣ ሲነሣም ፈጣን ነው። የከተማችን እግረኛ፣ በተለይም ዓይነ ስውሩ ወገናችን፣ መኪናን በጆሮው ሲጠባበቅ የኖረ ነው።

«ይህ ልማድ ሥር የሰደደ ስለሆነ አይለወጥም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነዚህ የምንሰጠው መልስ ከገዛ ታሪካችን የተገኘ ነው። የኢትዮጵያ አሽከርካሪ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የሚነዳው የመንገዱን ግራ ይዞ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ተዛወረም። ከዚህ የጠለቀ ልማድ በአሽከርካሪ እጅና እግር ውስጥ አይገኝም። የተለወጠበትም ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለወጡ፣ ያልለወጠውም ወዲያው ከሌላው ጋር ይጋጭ ነበር። የእግረኛን መብት የሚጥስ አሽከርካሪ ግን ዛሬ ከማንም ጋር አይጋጭም፤ ማንም አይናገረውምና።

ይናገረው ዘንድ የተሞከረበትን አንድ ምሳሌ ከጎረቤታችን ከኬንያ እናምጣ። በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄምስ ሃብያሪማናና ዊሊያም ጃክ፣ ረጅም ርቀት በሚጓዙ ማታቱ በሚባሉ ሚኒባሶች ውስጥ ተሳፋሪው በግልጽ የሚያያቸው ወረቀቶች እንዲለጠፉ አደረጉ። ወረቀቶቹ ለአሽከርካሪው የተጻፉ አልነበሩም። ለተሳፋሪው ነበር የተጻፉት፦ አደገኛ አነዳድ ስታይ ዝም አትበል፣ ተናገር የሚሉ። ወረቀቱ የሚለጠፍባቸው መኪኖች በዕጣ የተለዩ ስለነበሩ ከሌሎቹ ጋር ለማነጻጸር ተችሏል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ወረቀቱ በተለጠፈባቸው መኪኖች ላይ የቀረበው የመድን ካሳ ጥያቄ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ቀንሷል። ሙከራው በኋላ ወደ 12 ሺህ በሚጠጉ መኪኖች ላይ ሲደገም ቅነሳው አነስ ብሎ፣ ግን ከአንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። አዲስ መንገድ አልተሠራም፤ አዲስ ፖሊስ አልተቀጠረም። አሥራ አራት ሰው የጫነው መኪና ውስጥ የነበረው ዝምታ ብቻ ተሰበረ።

ይህ ለከተማችን ሠራተኛና ለሠፈር ማኅበር አባላት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። በእኛ ታክሲዎች ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። «ረፈደብን፣ ንካው እንጂ» የሚለው ተሳፋሪ ነው። ትርፍ ሰው ሲጫን ተጠጋግቶ ቦታ የሚለቀው ተሳፋሪ ነው። ከጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቀስ በል» ያሉ እንደሆነ፣ ሌላው ተሳፋሪ ድምፁን አጥፍቶ በመስኮት ይመለከታል፤ አንዳንዱም ይስቃል። አሽከርካሪው ከዚህ የሚረዳው ሴትዮዋ ብቻቸውን መሆናቸውን ነው። ከኋላቸው ሁለት ድምፅ ቢጨመር የሚረዳው ሌላ ይሆን ነበር።

የሠፈር ማኅበራትና እድሮች ደግሞ ከዚህ ያለፈ ዐቅም አላቸው። በሠፈራቸው የትኛው ማቋረጫ ላይ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደ ተገጨ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ድንኳን የሚተክሉት እነርሱ ናቸውና። ይህን ዕውቀት በጽሑፍ አስፍሮ ለወረዳውና ለትራፊክ ፖሊስ ማቅረብ የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ ጸሐፊ ነው። በየፋብሪካውና በየግንባታው ሥፍራ ያሉት የሠራተኛ ማኅበራትም የሰርቪስ መኪናው ሲፈጥን የሚታዘቡትን ለአስተዳደሩ ከማቅረብ የሚከለክላቸው የለም።

እንዲሁም በየእድሩ ውስጥ ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና ያላቸው አባላት አሉ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በሐዘናችን የሚገኙ፣ በደስታችን የሚጠሩ ናቸው። የቀን ገቢው ስንት እንደሚሆን የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ፣ እንዲህ ተብለው ሊጠየቁ ይገባል፦ ሾፌርዎ የዛሬውን ገቢ ለማሟላት ስንት ምልልስ ማድረግ አለበት? ያን ያህል ምልልስ በተፈቀደው ፍጥነት፣ ወንበሩ በሚይዘው ሰው ብቻ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሊፈጸም ይችላልን? የማይቻል ከሆነስ ቀሪው ከማን ላይ እንዲወሰድ አስበው ነበር?